ኩንታሉን የት እናድርገው? ማዳበሪያ፣ በርሜል፣ ፒክስ ወይስ ጎታ

በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲጋመስ ቤታችን አንድ ክርክር ይነሳል። "ዘንድሮስ የት ነው የምናደርገው?" ገበያው በአዲስ እህል ሞልቷል፤ ዋጋው ከሐምሌው ጋር አይወዳደርም። መግዛቱ ላይ ሁላችንም እንስማማለን። ማስቀመጡ ላይ ግን ባለቤቴ በርሜል ይላል፣ እናቴ ጎታ ትላለች፣ እኔ ከጥቂት ዓመት ወዲህ ፒክስ የሚባለውን፣ ውስጡ ድርብ ላስቲክ ያለውን ከረጢት ነው የምለው። ሦስታችንም በየተራ አንዳንድ ዓመት ተቃጥለናል። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ከኪሳራ የተለቀመ ነው።

አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ስንዴዋን በማዳበሪያ እንዳለ ጓዳ ጥግ አቁማ ክረምቱን ትሻገራለች። "ምን ያስጨንቅሻል?" ትለኛለች። እሷ ብርድ አላት። እኛ ያለንባት ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ሞቅ ያለች ከተማ ናት። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርድባታል፤ መጋቢት ላይ ያካፋል፣ መስከረም አልቆም አያባራም። ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሲሆኑ ነቀዙም ሻጋታውም ሠርግና ምላሽ ነው። አዲስ አበባ የሚሠራ ዘዴ እዚህ ላይሠራ የሚችለው ለዚህ ነው።

ዕቃውን ከመምረጣችን በፊት ግን ስለ ነቀዝ አንድ ነገር ይታወቅ። ብዙ ሰው ነቀዝ ቤት ውስጥ የሚገባ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ከእህሉ ጋር ከማሳ ነው የሚመጣው። እናቲቱ የበቆሎውን ፍሬ በአፏ ትበሳለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ቀዳዳውን በሚያጣብቅ ነገር መልሳ ትደፍነዋለች። ከውጭ ስታዩት ንጹሕ ፍሬ ነው። ሞቅ ባለ ቦታ ከአምስት ሳምንት በኋላ ልጇ ፍሬውን ቦርቡሮ ይወጣል፤ እሱም በተራው ይወልዳል። ጥር ላይ "አንድም ነቀዝ የለበትም" ብላችሁ የገዛችሁት በቆሎ ግንቦት ላይ ዱቄት የሚያራግፈው በዚህ ምክንያት ነው። ነጋዴው አላታለላችሁም፤ እሱም አላየውም።

መጀመሪያ ድርቀቱ

ከአራት ዓመት በፊት ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ኩንታል ተኩል በቆሎ ገዛሁ። ነጋዴው አንዱን ጥሬ በጥርሱ ቀርጠፍ አድርጎ "ስሚው እስኪ የኔ እናት፣ ድንጋይ እኮ ነው!" አለኝ። እጄን ኬሻው ውስጥ ከተትኩ፣ ደረቅ መሰለኝ፣ አመንኩ። ቤት እንደደረሰ ሰማያዊ በርሜል ውስጥ ገልብጠን ክዳኑን ጥርቅም አደረግነው። ሚያዝያ ላይ ስንከፍተው ቀድሞ የወጣው ሽታው ነው፤ እርጥብ ጫማ፣ እርጥብ ጫማ የሚል። ከላይ አንድ ስንዝር ያህሉ አረንጓዴ ጸጉር አብቅሎ እንደ ድፎ ዳቦ ተጋግሯል።

እናቴ "አጥበን፣ አስጥተን ለዶሮ እንስጠው" አለች። እምቢ አልኩ። በሻገተ በቆሎ ላይ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖር ይችላል። ጉበት የሚጎዳ ነው፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለጉበት ካንሰር ይዳርጋል። መታጠብ አያስለቅቀውም፣ ማብሰልም ሆነ መጋገር አያጠፋውም። ዶሮን ይጎዳል፤ ላም ከበላችው ደግሞ በወተቷ ይመጣል። ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። ያን ቀን ቤቱ ውስጥ ብዙም አልተወራም።

ጥፋቱ የበርሜሉ አልነበረም። እርጥብ እህል አየር የማያስገባ ዕቃ ውስጥ መዝጋት ከሁሉም የከፋ ስህተት ነው። ተራ ማዳበሪያ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ነቀዝ ይበላው ነበር እንጂ እንደዚያ አይሻግትም፤ ትንሽም ቢሆን ይተነፍሳል።

ከዚያ ወዲህ በጥርስ አልፈርድም። የምጠቀመው የጨው ዘዴ ነው። ክዳን ያለው ደረቅ የማርማላታ ጠርሙስ ውሰዱ። ጨው ሚጣድ ላይ አመስ አድርጉና አቀዝቅዙት፤ የጅማ ጨው በራሱ እርጥብ ነው፣ እንዳለ ከተጠቀማችሁበት ያሳስታችኋል። ጠርሙሱን እስከ ሲሶው በእህሉ ሙሉት፣ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሩ፣ ክደኑና አንድ ደቂቃ ያህል በደንብ ናጡት። ሩብ ሰዓት አስቀምጡትና ብርሃን ላይ አንስታችሁ እዩ። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ የእህሉ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው። ጨው ወደ ታች ከወረደና ጠርሙሱ ጥርት ካለ ከ15 በታች ወርዷል።

ግን ይህም አይበቃም። ለወራት ተዘግቶ የሚቀመጥ በቆሎ 13 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ነው ደግ። ስለዚህ ጠርሙሱ ጥርት ካለ በኋላም ሁለት ቀን ፀሐይ እጨምርበታለሁ። ሸራ ላይ ነው የማሰጣው፤ አፈር ላይ አይደለም። ማታ ማታ ይሰበሰባል። ደግሞ ከፀሐይ እንደተነሳ ከነሙቀቱ አይታሰርም። ጥላ ውስጥ በርዶ ይደር፤ አለዚያ ውስጡ ያልበዋል።

ማዳበሪያና ጆንያ

ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ለመሸከም ይመቻል። በአንድ ሁለት ወር ተበልቶ ለሚያልቅ እህል ሌላ ነገር አትፈልጉ። ከዚያ ካለፈ ግን ለበቆሎ፣ ለማሽላና ለጥራጥሬ አልመክረውም። ነቀዝ እንደልቡ ይገባል ይወጣል፣ አይጥ በአንድ ሌሊት ትቀደዋለች።

ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ እውነተኛ ማዳበሪያ ወይም የእርሻ መድኃኒት የነበረበት ከረጢት ለእህል አይሆንም፤ ታጥቦም ቢሆን። ሁለተኛ፣ አሮጌ ጆንያ ስፌቱ ውስጥ የአምናውን ነቀዝ ይዞ ይጠብቃችኋል። የፈላ ውኃ ውስጥ ነክሮ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ነው።

ሊሾ ላይ በቀጥታ አታስቀምጡ። ሲሚንቶ ከሥር እርጥበት ይስባል። ብሎኬት ላይ ሁለት ሦስት አጠና ወይም ጣውላ ማጋደም ይበቃል። ከግድግዳውም ክንድ ያህል ይራቅ። ከኋላው መጥረጊያ ካልገባ አይጥ ይገባል።

በርሜል

የባለቤቴ ምርጫ ነው፤ እውነቱን ለመናገር አይጥን በተመለከተ የሚያህለው የለም። ባለ 200 ሊትሩ ወደ 150 ኪሎ በቆሎ ይይዛል፤ ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ትንሽ ይበልጥ ይገባል። አንዴ ከገዛችሁት ዓመታት ያገለግላል።

ግን "በርሜል" ስንል ሁለት ዓይነት ነገር ነው የምናወራው። ክዳኑ ሙሉ በሙሉ የሚከፈትና ላስቲክ ያለው በርሜል አየር ይዘጋል። ክዳኑ ላላ ያለው ደግሞ ከአይጥ ያድናል እንጂ ከነቀዝ አያድንም። ክዳኑ ላልቶ ከሆነ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቀለበት ቆርጣችሁ ዙሪያውን ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩበት። ግማሽ ብቻ የሞላ በርሜልም ውስጡ ብዙ አየር ስላለ ነቀዙ ቶሎ አይሞትም። ጢም አድርጋችሁ ሙሉ፤ ካልሞላ አነስተኛ ዕቃ ምረጡ።

የብረት በርሜል ሌላ ጣጣ አለው። ቆርቆሮ ሥር ወይም ከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ አጠገብ ከቆመ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ከክዳኑ ሥር ላብ ይንጠባጠባል። ያኔ ከላይ ያለው እህል ይበላሻል። ቤቱ መሐል፣ ጥላ ቦታ አድርጉት። ስትገዙም ምን እንደነበረበት ጠይቁ። ዘይትና የምግብ ነገር የነበረበት ይታጠባል። ነዳጅ ወይም ኬሚካል ከነበረበት ለውኃም ለእህልም አይሆንም፤ ሻጩ ካላወቀ ደግሞ ተዉት።

ፒክስ

ከውጭ ተራ ማዳበሪያ ይመስላል። ውስጡ ግን ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ አለ። ነገሩ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ካሜሩን ውስጥ ጥራጥሬን ከነቀዝ ለማዳን ነው፤ አሜሪካ ያለው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ሥራ ነው። እዚሁ ከተማችን የጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅም ከምርት በኋላ ያለውን የእህል አያያዝ የሚያስተምር ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል አለው። ጉዳዩ የባልትና ወሬ ብቻ አይደለም ለማለት ነው።

አሠራሩ ደስ ይላል። ምንም መድኃኒት የለውም። ነቀዙ ውስጥ ገብቶ ይታሸጋል፣ ያለችውን አየር እየተነፈሰ ይጨርሳል፣ ከዚያ መብላት ያቆማል፣ መውለድ ያቆማል፣ ቀስ ብሎ ይሞታል። ራሱን በራሱ ነው የሚያፍነው።

አስተሳሰሩ ላይ ግን አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሁለቱን ላስቲኮች አየር ነፍታችሁ አፋቸውን ጨብጡና ጆሯችሁን አስጠጉ፤ እስ የሚል ድምፅ ካለ ተቀዷል። እህሉን ስትሞሉ በየመሐሉ ነቅነቅ እያደረጋችሁ ይጠቅጠቅ። አፉ ላይ ለማሰሪያ የሚበቃ ላስቲክ ይተርፋችሁ። የውስጠኛውን አየር በእጃችሁ ጨምቃችሁ አውጡ፣ ጠምዝዙት፣ እጠፉት፣ በሲባጎ እሰሩት። ከዚያ ሁለተኛውን እንደዚሁ። ከዚያ የውጩን። የመጀመሪያው ዓመት እኔ ሦስቱንም አፍ አንድ ላይ ሰብስቤ ነው ያሰርኩት፤ ሥራ የቀለለኝ መስሎኝ። ሰኔ ላይ ነቀዙ ከነቤተሰቡ ጠበቀኝ።

የፒክስ ድክመት ሁለት ነው። አንዱ አይጥ ነው። አይጥ ላስቲኩን ከበሳች ነገሩ ሁሉ ተራ ማዳበሪያ ሆነ ማለት ነው። አይጥ የበዛበት ሰርቪስ ቤት ካላችሁ ፒክሱን በርሜል ውስጥ ማስገባት ወይም መጀመሪያ አይጡን መላ ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በየቀኑ ጣሳ ይዞ ለሚመጣ ሰው አይሆንም። በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል፣ ነቀዙ ነፍስ ይዘራል። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ወራት አትንኩት። ከተከፈተ በኋላ በወር ውስጥ ቢያልቅ ጥሩ ነው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ከምትገዙ ሁለት ባለ 50 ኪሎ ይሻላችኋል፤ አንዱ ሲበላ ሌላው ታሽጎ ይቆያል።

ዋጋው ከተራው ማዳበሪያ በጣም ይወደዳል። ካልተቀደደ ግን ለሁለት ሦስት ዓመት ያገለግላል። አንድ ኩንታል በቆሎ ነቅዞ ከሚጣለው ጋር ስታስተያዩት ውድ አይደለም።

ጎታና ጎምቢሳ

እናቴን አክብሬ ነው የምናገረው። ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት የተሠራ ጎታ በደንብ ከተለቀለቀና አፉ ከተመረገ አየር አያስገባም ለማለት ይቻላል፤ እህሉንም ቀዝቀዝ ያደርገዋል። እሷ ሞጃ ባለው ቤቷ ጎታ አላት፤ ግራዋ ቅጠል ከሥር ታነጥፍበታለች። ግራዋው አይጎዳም። ብቻውን ግን ነቀዝ ሲያቆም አላየሁም። ጎታ የሚያስቸግረው መሰንጠቁ ነው፤ በየዓመቱ መለቅለቅ ይፈልጋል። ተከራይ ለሆነ ሰው ደግሞ ጉዳዩ ያለቀ ነው። ጎታ ይዞ ቤት አይለቀቅም።

ጎምቢሳን ከከተማ ወጣ ስትሉ፣ በሰቃም በሰርቦም መንገድ፣ በየጓሮው ታዩታላችሁ። ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት የተሠራ ነው፤ በቆሎው ከነዛላው ይገባበታል። ነፋስ ስለሚያገኘው ያልደረቀ በቆሎ እያደረቀ ያቆያል። ለገበሬ ነው እንጂ ለኛ አይነት ሰው ቦታም የለን። ያለው ሰው ግን እግሮቹ ላይ የቆርቆሮ ቀለበት ይምታበት፤ አይጥ ይንሸራተታል።

የብረት ጎተራ የሚባለው፣ ቆርቆሮ ቤት የሚበየደው ክብ ዕቃ፣ ጥሩ ነው፤ ቤተሰቡ ትልቅ ከሆነ። አምስትና ከዚያ በላይ ኩንታል ካላችሁ አስቡበት። ከላይ ሻማ ለኩሰው ውስጡ የሚያስቀምጡ አሉ፣ አየሩን ይጨርስ ብለው። ሻማው የሚጠፋው ግን ከአየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን 16 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው። ነቀዝ በዚያ አይሞትም፤ ቀሪውን የሚጨርሰው ነቀዙ ራሱ ነው። ሻማው ቢቀርም የሚያስፈልገው ጥብቅ መክደኛ ነው።

የትኛው እህል የት ይግባ?

ጤፍ ላይ ገንዘብ አታባክኑ። ፍሬው ከማነሱ የተነሳ ነቀዝ ማደሪያ አያገኝበትም። ደረቅ ከሆነና ከእርጥበት ከተጠበቀ በተራ ማዳበሪያም በበርሜልም ዓመታት ይቆያል። ዱሮ ባቄላን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው የሚያስቀምጡት በዚሁ ነው፤ ጤፉ ክፍተቱን ሞልቶ ነቀዙን መላወሻ ያሳጣዋል። በኋላ በወንፊት ይለያል።

በቆሎና ማሽላ ፒክስ ወይም ጥብቅ በርሜል። ሌላ ክርክር የለኝም።

ባቄላ፣ ሽምብራና ቦሎቄ ከበቆሎም ይብሳሉ። ነቀዛቸው የራሳቸው ነው፣ ፈጣን ነው። ጥሩነቱ ግን ብዙ ጊዜ የምንገዛው ጥቂት ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ወደ 15 ኪሎ ይይዛል፤ ክዳኑ ከጠበቀ ትንሽ ፒክስ ማለት ነው። ለአምስት ሰው ቤት ደግሞ ሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል። ደርዘን ባዶ ሃይላንድ አጥባችሁ፣ ሁለት ቀን ደፍታችሁ አድርቃችሁ፣ እስከ አፉ ሙሉና ጥርቅም አድርጉ። አንዱን ስትከፍቱ ሌሎቹ አይነኩም። የኔ መደርደሪያ ላይ ያሉት ቦሎቄዎች እንግዳ ሁሉ የሚስቅባቸው ናቸው። ይሳቅ። ቦሎቄን ግን ከዓመት በላይ አታቆዩ፤ ሙቀትና እርጥበት ያገኘው አሮጌ ቦሎቄ ቀኑን ሙሉ ቢቀቀል አይበስልም፣ ከሰልም ይጨርሳል። ክክ ከድፍኑ ይልቅ ነቀዝን ይቋቋማል፤ ስለዚህ አተርን ከክታችሁ ብታስቀምጡ ይሻላል።

ዱቄት አይከማችም። የበቆሎ ዱቄት ውስጡ ያለው ዘይት ስለሚበላሽ በሁለት ወር ውስጥ ይመራል። እህሉን አስቀምጣችሁ በየወሩ ወፍጮ ቤት መሄድ ነው። በርበሬና ሽሮ ደግሞ በትንሽ ጥብቅ ዕቃ፣ ከብርሃን ራቅ አድርጎ። ጀንፈል የምታስቀምጡ ከሆነ፣ ጅማ ነንና የማያስቀምጥ ማን አለ፣ ከላምባና ከሳሙና አርቁት። ቡና የጎረቤቱን ሽታ ይወስዳል።

ክኒኑን በተመለከተ

ገበያ ላይ ለነቀዝ የሚሸጥ ክኒን አለ፤ ፎስቶክሲን ይሉታል። እህል ውስጥ ሲገባ ከአየሩ እርጥበት ጋር ተገናኝቶ ጋዝ ያወጣል። ያ ጋዝ ነቀዙን ብቻ መርጦ አይገድልም። ሰው በሚተኛበት ቤት፣ ጓዳው ከመኝታ ቤት በመጋረጃ በተለየበት ቤት፣ ይህን ክኒን ማስገባት በልጆች ሕይወት መጫወት ነው። በዚህ ጋዝ ቤት ውስጥ እንዳሉ የሞቱ ሰዎች አሉ። ለትልቅ መጋዘን፣ ሠልጥኖ ለሚሠራ ሰው የተሠራ ነገር ነው። ለቤት በምንም ዋጋ አልመርጠውም።

ነቀዝ ቀድሞ ከገባባችሁስ? እጃችሁን ኬሻው መሐል እስከ ክርናችሁ አስገቡ። ሞቅ ካለ ውስጡ ሥራ ላይ ናቸው። አንድ ጭብጥ ውኃ ውስጥ ጨምሩ፤ የተቦረቦረው ይንሳፈፋል። የሚንሳፈፈው ጥቂት ከሆነ በሰፌድ አበጥሩት፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ስስ አድርጋችሁ አስጡት፣ አቀዝቅዛችሁ ፒክስ ውስጥ ዝጉት። ግማሹ ከተንሳፈፈ፣ ሻጋታ ከሌለው ዛሬውኑ አስፈጩት።

ዘንድሮ እኛ ቤት እንዲህ ተከፋፍለናል። ሁለት ባለ 50 ኪሎ ፒክስ በቆሎ፣ እስከ ግንቦት የማይነካ። እስከዚያ የሚበላው ተራ ማዳበሪያ ውስጥ ነው። በርሜሉ ውስጥ ጤፍ አለ፤ ባለቤቴ በየሳምንቱ ክዳኑን አንኳኩቶ "አየሽ፣ ምንም አልሆነ" ይለኛል። ጤፍ መሆኑን እያወቀ። እናቴ ደግሞ ባለፈው እሑድ ከሞጃ መጥታ ፒክሶቹን ዞራ ዞራ አየቻቸው፣ አፋቸውን ጎተት አደረገችው፣ ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ እፍኝ ግራዋ አውጥታ ከሥራቸው አስቀመጠች።